ከጉሊት እስከ ልጅ ሳህን፦ ስለ ልጆችና ስለ ትኩስ አትክልት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 4 ዓመት አልፎታል፤ ትንሿ 10 ወሯ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓሮ የለንም። አትክልት የምገዛው ግቢያችን በር ላይ ከምትቀመጥ የጉሊት ነጋዴና ከእሁድ ገበያ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ልጆችን ከዚሁ ከአገራችን መሬት በሚወጣ ትኩስ ነገር ማሳደግ እንደሚቻል ከልቤ አምናለሁ። ለዚህም በቆርቆሮ የታሸገ የሕፃን ምግብ መግዛት ግዴታ እንዳልሆነ በሁለቱም ልጆቼ አይቼዋለሁ። ጓደኞቼና ጎረቤቶቼ እየደጋገሙ የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እነሆ።

ልጄ 6 ወር ሊሞላው ነው። በምን ልጀምርለት?

6 ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጨመርለታል። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል።

እኔ ለትንሿ የጀመርኩላት በአቮካዶ ነው። ማብሰል የለ፣ መፍጨት የለ። ሩቡን በሹካ አድቅቄ ትንሽ የጡት ወተት አልቤ ቀላቀልኩበት። የመጀመሪያ ቀን 2 ማንኪያ በላች፣ ሦስተኛውን ተፋችው። ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል። በማግስቱ የተቀቀለ ዱባ ቀመሰች፣ ከዚያ ድንች፣ ከዚያ ካሮት።

ውፍረቱን ልብ በሉ። ብዙዎቻችን አጥሚቱን እንደ ውሃ አቅጥነን በጡጦ እንሰጣለን። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ቶሎ የማይፈስ መሆን አለበት። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ ይብላ። በመሀል ሙዝ ወይም ፓፓያ ቢጨመርለት ጥሩ ነው። ጨውና ስኳር አያስፈልገውም። ማር ደግሞ 1 ዓመት ሳይሞላው በጭራሽ አይቅመስ። ለጨቅላ ሕፃን አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ለልጁ ለብቻው ማብሰል አለብኝ? ጊዜውን ከየት አመጣለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ብዙ እናቶች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነውና። ለብቻው ማብሰል የለባችሁም። የቤቱ ድስት ይበቃል። በእኔ ቤት ያለው ደንብ አንድ ነው፦ የልጅ ድርሻ በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት ይወጣል።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ምስር ወጥ ልሠራ ነበር። ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት አቁላላሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ ከዚያ ምስሩን ከውሃ ጋር ለቀቅኩበት። እዚያው ድስት ውስጥ አንድ ካሮትና አንድ ድንች ልጬ ሳልከትፍ ጣል አደረግኩ። ምስሩ ሲፈርስ እነሱም በስለዋል። 3 ጭልፋ ምስር ከካሮቱና ከድንቹ ጋር በትንሿ ድስት አወጣሁ። 4 የጎመን ቅጠል በደንብ አድቅቄ ከተፍኩና ጨምሬ 5 ደቂቃ አንተከተክኩት። በሹካ ደፈጠጥኩት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ገባበት። የትንሿ እራት ይኸው። ለትልቁ ደግሞ ከዚያው ላይ በእንጀራ ፈተፈትኩለት።

የእኛስ? በርበሬ ዘግይቶ ሲገባ ጥሬ ጥሬ ይላል። ስለዚህ በሌላ መጥበሻ ትንሽ ሽንኩርትና በርበሬ ለብቻ አቁላልቼ ዋናው ድስት ላይ ደፋሁት። ትርፉ ድካም 10 ደቂቃ ቢሆን ነው።

ቅቤው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ንጥረ ነገር ያለ ስብ በደንብ አይገባም። ዘይትም ያው ነው። በሽሮም፣ በአተር ክክም፣ በአልጫም ይኸው ዘዴ ይሠራል።

በቀን ስንት ዓይነት ምግብ ያስፈልገዋል?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላሉ ልጆች የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። ምግቡን በ8 ይመድቡታል፦ የእናት ጡት፤ እህልና ሥራሥር፤ ጥራጥሬ፤ ወተትና የወተት ውጤት፤ ሥጋና ዓሣ፤ እንቁላል፤ ቫይታሚን ኤ የበዛበት አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ልጁ በቀን ቢያንስ ከ5ቱ መቅመስ አለበት።

የማክሰኞዋን ሳህን ቁጠሩ። ጡት አንድ፣ ድንች ሁለት፣ ምስር ሦስት፣ ካሮትና ጎመን አራት። ጠዋት ሙዝ በልታለች፣ አምስት። ቁርሷ ላይ እንቁላል ነበር፣ ስድስት። ጠዋት ገንፎ ማታ ገንፎ የሚበላ ልጅ ግን ቢጠግብም ያገኘው አንዱን ምድብ ነው። እናት እየለፋች፣ ልጅም እየጠገበ ነው የሚጎዳው። በዚሁ ገንፎ ላይ የተፈጨ ዱባ ወይም የተቀቀለ ካሮት ቀላቅሉበት። ቀለሙ ወርቅ ይመስላል፣ ልጆችም ይወዱታል።

አማቴ ለልጁ ሻይ በዳቦ ትሰጠዋለች። ቅር እንዳይላት እንዴት ልበላት?

ሻይ የምግቡ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። ጎመኑን፣ ምስሩን፣ የጤፉን እንጀራ አብልተን ሻይ ካስከተልንበት ከሰጠነው ግማሹን መልሰን የወሰድንበት ያህል ነው። ለልጅ ሻይ ባይሰጥ ይመረጣል።

አማትን ግን "ተሳስተዋል" ብሎ መጀመር አይሠራም። እኔ "እማማ፣ ሐኪሟ ደሙ እንዳያንስ ሻይ ይቅርበት ብላኛለች፤ እስቲ ብርቱካን ይላጡለት" አልኳቸው። ብርቱካኑን ዘሩን እያወጡ፣ ቆዳውን እየገፈፉ በእጃቸው ያጎርሱታል። እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን የማጉረስ ደስታቸው አልቀረባቸውም፤ እሱም ቫይታሚን ሲውን አገኘ። ቫይታሚን ሲ የጥራጥሬና የቅጠል ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል። ጎመኑ ላይ ጥቂት ጠብታ ሎሚ መጭመቅም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የትኛው ወር ላይ ምን ልግዛ?

ይህን ያስተማረችኝ የጉሊት ደንበኛዬ ናት። "ዛሬ ይሄን አትውሰጂ፣ ጊዜው አይደለም" ትለኛለች። ጊዜው የሆነ ነገር ርካሽ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ብዙ ቀን መኪና ላይ አላደረም።

ክረምት ሲገባ የሐበሻ ጎመን ይትረፈረፋል። ቲማቲም ግን ዝናብ ጠላቱ ነው፤ ቅጠሉን በሽታ ይመታዋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። በክረምት ቲማቲም ካልገዛችሁ ልጃችሁ ምንም አይቀርበትም። በዚያው ወቅት ኮክ ይመጣል፣ በለስም እንዲሁ። ከነሐሴ ጀምሮ መንገዱ ሁሉ የበቆሎ እሸት ይሸታል። መስከረምና ጥቅምት የባቄላ እሸት ነው። ቆዳውን ገፍፋችሁ ቀቅላችሁ ስትደፈጥጡት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ለትንሿ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁላት የመስቀል ሰሞን ነው፤ ከንፈሯን እየላሰች በላችው። ኅዳርና ታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ተራውን ይይዛል። ማንጎ ከአሶሳና ከአርባ ምንጭ የሚገባው በአብዛኛው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። ያን ጊዜ ልጆቼ እስኪጠግቡ ይብሉ እላለሁ፤ ያልፋልና።

ዓመቱን ሙሉ የማይጠፉ አሉ። ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ አቮካዶው ከሲዳማና ከወላይታ፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ መስኖ ይመጣል። የፎገራ ሽንኩርት ሲገባ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ይተነፍሳል።

አንድ ነገር ስታገኙ እንዳታልፉት፦ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ይለማል። ነጩ ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል፤ ብርቱካናማው ግን እንደ ካሮት የበለጸገ ነው። ተቀቅሎ ሲደፈጠጥ ስኳር ሳይገባበት ይጣፍጣል።

ለልጅ ፖም ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ፖም ጥሩ ፍሬ ነው፤ ጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ላይ የሚበቅለው የራሳችንም አለ። ግን ከውጭ የመጣውን በውድ ዋጋ አንድ ፍሬ ከመግዛት በዚያው ብር ፓፓያ መግዛት ይበልጣል። ፓፓያ በቫይታሚን ኤም በሲም ከፖም እጅግ ይልቃል። ዘይቱን (ጉዋቫ) የሚባለው ፍሬ ደግሞ በቫይታሚን ሲ ብርቱካንን ራሱ ያስከነዳል። ዘሩን አጥልላችሁ ስጡ። ፖም የታመመ መጠየቂያ ሆኖ ስለለመድነው የተለየ ጥቅም ያለው ይመስለናል እንጂ ልጃችሁ ፖም ሳይበላ በደንብ ያድጋል።

የት መግዛት ይሻላል፦ ጉሊት፣ እሁድ ገበያ ወይስ አትክልት ተራ?

እንደ ፍጆታችሁ ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። እዚያ በጅምላ ስለሚሸጥ ለ4 ሰው ቤተሰብ መንገዱም ብዛቱም አይመችም። ሦስት አራት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ጆንያ ድንች ወይም ካሮት ብትካፈሉ ግን ያዋጣል። እኛ ከ2ኛ ፎቅ ጎረቤቶቼ ጋር በወር አንዴ እናደርገዋለን።

እሁድ ገበያ ለከባዱ ነገር ነው፤ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ዱባ፣ ጥቅል ጎመን። ጠዋት ሄዳችሁ ምረጡ።

ቅጠላ ቅጠል ግን ከጉሊት ነው የምገዛው። ጎመንና ቆስጣ በ2 ቀን ይጠወልጋሉ፤ ስለዚህ አንድ እስር ዛሬ፣ አንድ እስር ሐሙስ። ደንበኛ መያዝ ዋጋ አለው። ደንበኛዬ ልጆቼን በስም ታውቃቸዋለች። ትልቁን ስታይ ሁሌ አንድ ካሮት ትመርቅለታለች። አመሻሽ ላይ መደቡ ይረክሳል፤ ለዚያው ቀን እራት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለማቆየት ግን አይሆንም።

አትክልቱ በቆሻሻ ወንዝ ነው የሚለማው ይባላል። ማጠብ ይበቃል?

ይሄ ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አይደለም። አዲስ አበባን አቋርጠው የሚሄዱት ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይገባባቸዋል። በዳርቻቸው ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያየ ችግር አለ፤ ሰው ግን ይቀላቅላቸዋል።

አንደኛው ጀርምና የትል እንቁላል ነው። ይሄን በማጠብ መቀነስ፣ በማብሰል ማጥፋት ይቻላል። ሁለተኛው ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣው ከባድ ብረት ነው፤ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉት። እነዚህ ቅጠሉ ውስጥ ይገባሉ። ውሃም፣ አቼቶም፣ እሳትም አያወጣቸውም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከፍሬ ይበልጥ ይስባቸዋል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ከየት እንደመጣ መጠየቅ። እኔ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ፦ "ጎመኑ ከየት ነው? የወንዝ ዳር ነው?" መጀመሪያ ቀን ደንበኛዬ ተገርማ አየችኝ። አሁን ሳልጠይቃት ትነግረኛለች። ከከተማው ወጣ ካለ ቦታ የመጣውን ወይም በጉድጓድ ውሃ የለማውን ምረጡ። ካላወቃችሁ ደግሞ ያን ቀን ዱባ ግዙ።

አጠባቡን በተመለከተ፣ እስሩን እንዳለ ሳፋ ውስጥ መንከር ማጠብ አይደለም። ፍቱት። ቅጠሉን አንድ በአንድ፣ ፊትና ጀርባውን፣ በሚወርድ ውሃ እጠቡ። አቼቶ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፉ ይረዳል፤ ግን ሁሉንም አይገድልም። ስለዚህ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ በቤቴ ጥሬ ሰላጣ የለም፤ ቅጠል ሁሉ በስሎ ነው። በበረኪና ግን በፍጹም አትጠቡ።

ጎመኑን ስታበስሉ ለረጅም ጊዜ ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉት። ቫይታሚኑ አብሮት ይፈስሳል። በትንሽ ውሃ፣ ክዳን ገጥማችሁ፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አውጡት።

በጾም ጊዜ ልጁ ምን ይብላ?

7 ዓመት ያልሞላው ልጅ በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ጾም አይገደድም። ችግሩ ሥርዓቱ ሳይሆን ማድቤታችን ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ እንቁላል አይሰበርም፣ ወተት አይፈላም። ዕቃው ይነካካል ብለን እንፈራለን። በመሀል ልጁ ከእኛ ጋር ጾሞ ይወጣል፤ ያውም በፍጥነት በሚያድግበት ዕድሜው።

እኔ መፍትሔ ያደረግኩት ቀላል ነው። የልጆች ብቻ የሆነች አንዲት ትንሽ መጥበሻ፣ አንዲት ማንኪያና አንዲት የወተት ማፍያ ገዛሁ። የተለየ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ጠዋት እንቁላላቸውን በዚያች ጠብሼ አጥቤ እመልሳታለሁ። የእኔም ጾም አይነካም፣ የእነሱም ቁርስ አይቀርም።

በሌላ በኩል ጾም የአትክልት ወቅት ነው። ፎሶሊያ በካሮት፣ ዱባ ወጥ፣ ቀይ ሥር በድንች፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ሁሉም ለልጅ የሚሆን ነው። ልጆቼ ብዙ አትክልት የለመዱት በጾም ነው።

ኑሮ ተወደደ። በትንሽ ብር ይቻላል?

ይከብዳል። ይከብዳል ስል እያወራሁት ያለሁት ከራሴ ኪስ ነው። ወር መጨረሻ ላይ ብር ሲያጥረኝ ፍራፍሬውን ከመተው ብዛቱን እቀንሳለሁ። ሁለት ነገር ግን አይቀርም፦ አንድ አረንጓዴ ቅጠልና አንድ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ነገር። ዱባ ከሁሉ ይረክሳል፤ ሳይቆረጥ ለወራት ይቀመጣል። ፍሬውን አጥባችሁ አድርቁት፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ ገንፎ ላይ ይገባል።

የተለመደው የሳምንት ግዢዬ ይሄን ይመስላል፦ 2 እስር ጎመን፣ 1 እስር ቆስጣ፣ 2 ኪሎ ድንች፣ 1 ኪሎ ካሮት፣ ሩብ ዱባ፣ 1 ኪሎ ሙዝ፣ 3 አቮካዶ፣ 5 ሎሚ። ሽንኩርት ከወር ግዢ ነው። ቲማቲም እንደ ዋጋው።

"ጎመን በጤና" ሲባል ሥጋ የሌለው ማጽናኛ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጎመኑን ራሱን አከብረዋለሁ። ግን ከቻላችሁ እንቁላሉን አታስቀሩ። ትንንሽ ልጆች ከአትክልት ብቻ የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አያገኙም።

ጥሬ ካሮት በእጁ ብሰጠውስ? ጥርስ እያወጣ ነው።

እባካችሁ እንዳታደርጉት። እኔ አድርጌዋለሁ። ትልቁ 1 ዓመት ከ4 ወር ሲሆነው የተላጠ ካሮት ሰጥቼው ወደ ምድጃው ዞርኩ። ሳል ሰማሁ፣ ከዚያ ሳሉም ቆመ። ዞር ስል ፊቱ ጠቁሯል፣ አፉን ከፍቶ ድምፅ የለውም። ፊቱን ወደ መሬት ደፍቼ በትከሻዎቹ መሀል ጀርባውን በመዳፌ መታሁት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቁራጩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እያለቀስን ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

ጥሬ ካሮት፣ ሙሉ ወይን፣ ለውዝ፣ ቆሎ፣ የተቆላ ሽምብራ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። ካሮቱን ቀቅሉት፤ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ይሁን። ወይኑን በቁመቱ ከአራት ክፈሉት። ለውዙን ፈጭታችሁ ገንፎ ላይ አድርጉት። ልጁም ተቀምጦ ይብላ፤ እየሮጠ አይደለም።

አትክልት ሲያይ ፊቱን ያዞራል። በግድ ላጉርሰው?

በግድ አይሆንም። ጉርሻ ፍቅራችን ነው፣ አውቃለሁ። ግን እጁን ይዘን አፉ ውስጥ ስንከትበት ልጁ ጎመኑን ሳይሆን መያዙን ነው የሚያስታውሰው። አንድን አዲስ ምግብ ልጅ እስኪለምደው 8፣ 10፣ አንዳንዴም 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ በ3ኛው ቀን "አይወድም" ብለን እንተወዋለን።

ትልቁ ልጄ ቆስጣ ለ2 ወር አልነካም። እኛ ዝም ብለን እየበላን ሳህኑ ላይ አንዲት ቁንጥር አስቀምጥለት ነበር። አንድ ቀን እሁድ ገበያ ይዤው ሄድኩ። "ምረጥ" አልኩት። ትልቁን እስር መረጠና በሁለት እጁ አቅፎ እስከ ቤት ተሸክሞት መጣ። ያን ቀን "የኔ ቆስጣ" እያለ በላው።

ጭማቂስ?

1 ዓመት ላልሞላው አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላም ፍሬውን ቢበላ ይሻላል፤ አሰሩ ይቀርበታልና። ጭማቂ ቤት የሚሸጠው ላይ ስኳር እንዳይጨምሩበት ንገሯቸው።

ቀይ ሥር በልቶ ዳይፐሩ ቀላ። ደም ነው?

ቀይ ሥር ነው። ሽንትንም ሰገራንም ሊያቀላ ይችላል። ሳይበላ ከቀላ ግን ቶሎ ሐኪም ይየው። ካሮትና ዱባ ያበዛ ልጅም መዳፉና አፍንጫው ቢጫ ቢጫ ሊል ይችላል። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ካልሆነ በቀር አያስጨንቃችሁም፤ ስትቀንሱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

መብራት በሚጠፋበት ቤት እንዴት ላቆየው?

ጎመኑን ሳታጥቡ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ድንቹ ጨለማ ይፈልጋል። ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ድንች መርዝ አለውና በተለይ ለልጅ አትስጡ። ድንችና ሽንኩርት አንድ ዘንቢል ውስጥ አታድርጉ፤ ይበላሻሉ። ያልበሰለ አቮካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ብትጠቀልሉት በ2 ወይም በ3 ቀን ይደርሳል። የተዘጋጀውን የልጅ ምግብ ግን መብራት ከሄደ ለነገ አታሳድሩት።

ውጭ ሀገር ነው ያለነው። የአገር ቤቱን ጎመን ከየት እናምጣው?

አሜሪካ ያለችው እህቴ ጎመን የምትሠራው በኮላርድ ነው፤ አብዛኛው የሐበሻ ቤትም እንዲሁ። ቆስጣው ስዊስ ቻርድ በሚል ስም ይገኛል። እዚያም "ከአካባቢው የወጣ፣ ጊዜው የሆነ" የሚለው ይሠራል፤ በበጋ የገበሬዎች ገበያ ሂዱ። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነና ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ ካላችሁ ዊክ (WIC) ስለሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ድጋፍ ጠይቁ። በብዙ ስቴቶች ለገበሬዎች ገበያ ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ኩፖን ይሰጣል፤ ብዙ የእኛ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል።

ምግቡ እንዳልበቃው በምን አውቃለሁ?

በየወሩ ጤና ጣቢያ ይመዘን። ክንዱ የሚለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብ አለ፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ ነው። ቀይ ከሆነ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ያኔውኑ ሕክምና ያስፈልገዋል። በየ6 ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታም አታሳልፉ። ካሮት ይበላል ብላችሁ እንዳትተዉት።

ጓሮ የለኝም። ትንሽ ነገር ማብቀል እችላለሁ?

በረንዳችን ላይ 4 ጄሪካን አለ። ባለ 20 ሊትር አሮጌ ጄሪካን አፉን በቢላ ቁረጡ፣ ታቹን 5 ወይም 6 ቦታ ብሱ። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅላችሁ ሙሉት። የጎመን ችግኝ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ይገኛል። በአንዱ ጄሪካን 2 ችግኝ ይበቃል። በቀን 5 ሰዓት ያህል ፀሐይ ያስፈልገዋል። በበጋ ጠዋት ጠዋት ይጠጣ። ሩዝና ምስር ያጠባችሁበትን ውሃ አፍሱበት። ከቅጠሉ ጀርባ ጥቃቅን አረንጓዴ ተባዮች ከሰፈሩ በሳሙና ውሃ ጥረጓቸው፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት።

ከ1 ወር ተኩል ገደማ በኋላ ቅጠል መልቀም ትጀምራላችሁ። አትንቀሉት። ከታች ከታች ያሉትን ሰፋፊ ቅጠሎች ብቻ ቁረጡ፣ ጫፉን ተዉት፤ ለወራት ይሰጣችኋል። በእኛ ቤት ቅጠል መልቀም የትልቁ ሥራ ነው። ማታ ሽንኩርት መከተፍ ስጀምር በረንዳውን ከፍቶ ይወጣል። "ስንት ላምጣ?" ይላል። "4 አምጣ" እለዋለሁ። ለእህቱ።